ከሲድኒ እስከ ኬርንስ ብቻን፦ ቦርሳ አዝሎ የአውስትራሊያን ባሕር ዳር ለመጓዝ

የመስቀል ሰሞን ነው ከሲድኒ የተነሳሁት። ሜልበርን ዓመታት ኖሬ አገሩን የማውቀው በባቡር መስኮት ነበር፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት። አንድ ቀን የአምስት ሳምንት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ባለ 42 ሊትር የጀርባ ቦርሳ ገዛሁ፣ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ። «እየሰማሁ ነው» አለች። «ሰው እንደሌለው!»

አልፈረድኩባትም። እኛ ዘንድ ብቻውን መንገድ የሚሄድ ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ስለት አለበት፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል። ከተመለስኩ በኋላ ግን አንዱ ከዱባይ፣ አንዷ ከዋሽንግተን፣ ሌላው ከአዲስ አበባ እየደወሉ «እንዴት ነው የሚኬደው?» ይሉኝ ጀመር። ለእያንዳንዱ ከማወራ ልጻፈው።

የምጽፈው ከሲድኒ ተነስቶ በምሥራቅ ጠረፍ ወደ ሰሜን እስከ ኬርንስ ስለሚዘልቀው መንገድ ነው። በመኪና 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሦስት ጊዜ ከመሄድ ይበልጣል። ካርታው ላይ ግን የአገሩን አንድ ጎን እንኳ አይሞላም። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ «በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ይላል። ይጨርሰዋል፤ ያየው ግን የአውቶቡስ ወንበር ነው። አንድ ወር ያዙለት። ወር ከሌላችሁ ግማሹን ብቻ ሂዱ።

1. ወሩን ምረጡ

ወቅቱ ከፈረንጁ ሰሜን ተገላቢጦሽ ነው። ዲሴምበር ሙቀት ነው፣ ጁላይ ብርድ ነው። ኬርንስ ያለችበት የኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ሰሜኑ ደግሞ የራሱ ፀባይ አለው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ዝናብ ነው፣ አየሩ ይወብቃል፣ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ይችላል። ብሩስ የሚባለው አውራ ጎዳና በጎርፍ ሲቆረጥ አውቶቡሱም ይቆማል። በዚሁ ሰሞን ባሕሩ ውስጥ ተናዳፊ ጄሊፊሽ አለ።

እኔ የምመክረው ሴፕቴምበር መጨረሻ ከሲድኒ ተነስቶ ኦክቶበር ውስጥ ኬርንስ መግባት ነው። በእኛ ከመስቀል እስከ ጥቅምት ሃያ ገደማ ማለት ነው። ደቡቡ ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ ሰሜኑ ገና ሳይዘንብ ትደርሱበታላችሁ። ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎችም በዚያ ሰሞን መንገዳችሁ ላይ ባለችው ሄርቪ ቤይ አሉ። አንድ ችግር አለው። ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ አልጋ ይወደዳል፤ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት አስቀድማችሁ ያዙ።

2. ቪዛውንና ድንበሩን ጨርሱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰብክላስ 600 የሚባለውን የጎብኚ ቪዛ በኢንተርኔት ያመለክታል። ክፍያው 200 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ በስልክ አፕ ኢቲኤ የሚባል የመግቢያ ፈቃድ ትወስዳላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ላለው ኢቪዚተር የሚባል ነጻ ቪዛ አለ። እየሠሩ መጓዝ የሚያስችል የወጣቶች ቪዛም አለ። አሜሪካውያን፣ እስራኤላውያንና ብዙ አውሮፓውያን ያገኙታል፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን አልተከፈተም።

በ600 ቪዛ ማመልከቻ የምትመልሱት ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለምን ትመለሳላችሁ? የሥራ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የወራት የባንክ መግለጫ፣ ቤተሰብ ካላችሁ ማስረጃው። ከሳምንት በፊት ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ከሚጠቅማችሁ ይልቅ ይጎዳችኋል። የጉዞ እቅድ በአንድ ገጽ ጻፉ። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። ደግሞም በጎብኚ ቪዛ ሥራ ክልክል ነው። ሆስቴል አጽድቶ በነጻ ማደርም እንደ ሥራ ይቆጠራል። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚላችሁ ልጅ ምናልባት ሌላ ቪዛ ነው የያዘው።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትመጡ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፣ ያ የምናውቀው ቢጫ ካርድ፣ ያስፈልጋችኋል። ወደ አውስትራሊያ ከመግባታችሁ በፊት ባሉት ስድስት ቀናት ውስጥ ቢጫ ወባ ያለበት አገር ካደራችሁ ይጠይቋችኋል። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አለች።

ከዚያ ሻንጣው። እናት ያሰረችው በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ቡና፣ ሁሉም ምግብ ነው። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ ነገርም ተክል ነው። አውሮፕላን ላይ በሚሰጣችሁ ካርድ «አዎ፣ ይዣለሁ» በሉ። ብትናገሩ ክፋቱ ዕቃው መወሰዱ ነው። ደብቃችሁ ከተያዛችሁ ቅጣቱ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው፣ ቪዛም ሊያሰርዝ ይችላል። ጫማችሁ ላይ ያለውን ጭቃም አጥቡ፤ አፈርም ያስጠይቃል። እኔን ብትሰሙኝ በርበሬውን እዚህ ግዙ። ሜልበርን ፉትስክሬይ፣ ሲድኒ ብላክታውን፣ ብሪዝበን ሙሩካ የኛ ሰው አለ።

3. ቦርሳውን አቅልሉ

ከ45 ሊትር በላይ አትግዙ። ትልቅ ቦርሳ ካለ ይሞላል፤ ሞልቶ ደግሞ ከአውቶቡስ መውረጃ እስከ ሆስቴል በፀሐይ የሚሸከመው ሌላ ሰው አይደለም። ሦስት ቲሸርት፣ ሁለት ቁምጣ፣ አንድ ረጅም ሱሪ፣ ሹራብ፣ የዋና ልብስ፣ ሲሊፐር፣ አንድ ጥሩ መራመጃ ጫማ። የሶኬት አዳፕተር አትርሱ፤ የኛ ሶኬት መሰኪያ እዚያ አይገባም። ትንሽ ጓጉንቸርም ያዙ። ሆስቴል ሎከር ይሰጣል እንጂ ቁልፉን በአብዛኛው አይሰጥም።

የመኝታ ከረጢት አያስፈልግም። ብዙ ሆስቴሎች ትኋን እንዳይገባ ስለሚፈሩ እንዲያውም ይከለክላሉ። እኔን ያዳነኝ ነጠላ ነው። እናቴ የላከችው፣ ጥለቱ የደበዘዘ አሮጌ ነጠላ። የሌሊት አውቶቡሶቹ ኤሲ እንደ ደብረ ብርሃን ጠዋት ነው፤ ተከናንቤው አደርኩ። አሸዋ ላይ አነጠፍኩት። ፀሐይ ሲከር ራሴ ላይ ጣልኩት። አንድ ቀን ፎጣዬ ሳይደርቅ ቀርቶ ገላዬን አደረቅኩበት። በሁለት ሰዓት ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ከዳቦ አይበልጥም። ጋቢ ግን ተዉት፣ ይከብዳል።

ሰንስክሪን ግዙ፣ 50 የሚለውን። «እኔ ጥቁር ነኝ፣ አያቃጥለኝም» ብዬ ባይረን ቤይ ሁለተኛው ቀን ላይ አፍንጫዬ ተላጠ።

4. አውቶቡሱን ያዙ

መኪና መከራየት ለብቻ ሰው ውድ ነው፤ ደግሞም በግራ ነው የሚነዳው። ብዙው ሰው የሚጠቀመው ግሬይሀውንድ የሚባለውን አውቶቡስ ነው። ዊሚት የሚሉት ፓስ አለው። በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ነው የሚቆጠረው፤ የ30 ቀኑን ከወሰዳችሁ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ትሳፈራላችሁ። ፓሱ ስላላችሁ ብቻ ግን ወንበር የለም። እያንዳንዱን ጉዞ በአፑ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። እቅዳችሁ አራት ወይም አምስት ጉዞ ብቻ ከሆነ የነጠላውን ትኬት ዋጋ ደምራችሁ አወዳድሩ፤ አንዳንዴ ፓሱ አያዋጣም።

ባቡርም አለ። ከብሪዝበን ኬርንስ የሚሄደው ስፒሪት ኦፍ ኩዊንስላንድ 1,681 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ቀንና ሌሊት ገደማ ይጨርሰዋል። ደስ ይላል፣ ግን መሀል ላይ እየወረዱ ለሚሄዱ አውቶቡሱ ይሻላል።

ረጅሞቹን ጉዞዎች ሌሊት አድርጉ። ከሲድኒ ባይረን ቤይ 12 ሰዓት ያልፋል። ከአግነስ ወተር ኤርሊ ቢችም ረጅም ነው። የአንድ ሌሊት የአልጋ ዋጋ ይተርፋል።

ሰዓቱን ግን ልብ በሉ። ከኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ጀምሮ ሲድኒ ያለችበት ኒው ሳውዝ ዌልስ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ያደርጋል፤ ኩዊንስላንድ አያደርግም። ድንበሩ ደግሞ ኩላንጋታና ትዊድ ሄድስ የሚባሉ የተያያዙ ከተሞች መሀል ነው የሚያልፈው። መንገድ ስትሻገሩ ሰዓት ይለወጣል። እኔ ኩላንጋታ አድሬ ስልኬ የወዲያ ማዶውን ኔትወርክ ይዞ፣ ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ፣ ፊቴን ሳልታጠብ ሮጬ ፌርማታው ደረስኩ። ማንም የለም። አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ያልፋሉ። «ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው። ነገሩኝ። አንድ ሙሉ ሰዓት ቀድሜያለሁ። ከሰሜን ወደ ደቡብ እየሄድኩ ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ ነበር የሚያመልጠኝ።

5. ሆስቴል ማደርና ማብሰል

የጋራ ክፍል አልጋ እንደ ከተማውና እንደ ሰሞኑ ከ35 እስከ 60 የአውስትራሊያ ዶላር ነው። ባለ ስድስት አልጋው ከባለ አሥራ ሁለቱ ጥቂት ቢወደድም እንቅልፍ አለው። ለሴቶች ብቻ የሆነ ክፍል በብዙ ቦታ ይገኛል። ተደራራቢ አልጋ ላይ የታችኛውን ጠይቁ፤ ስትገቡ «እባካችሁ» ካላችሁ ብዙ ጊዜ ይሰጧችኋል።

ውጭ መብላት ገንዘብ ይበላል። ሁሉም ሆስቴል ማለት ይቻላል ወጥ ቤት አለው። አልዲ፣ ኮልስና ዎልዎርዝስ ገብታችሁ ምስር፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት ግዙ። ወደ ማታ ቅናሽ የተለጠፈበት ዳቦና ሥጋ ይገኛል። የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፤ ጠርሙስ ያዙ እንጂ ውሃ አትግዙ። በየመናፈሻው በነጻ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መጥበሻ አለ። ለጾመኛ «ቪጋን» የሚለው ቃል በቂ ነው፤ ዕቃው ላይም ሜኑው ላይም ይጻፋል። ሐላል የሚፈልግ ደግሞ ከተማ ሁሉ ከባብ ቤት አያጣም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ተጓዦች የተዉት ዕቃ የሚቀመጥበት «ፍሪ ፉድ» የሚል መደርደሪያ ይኖራል። ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩ። ዘይት፣ ጨው፣ ፓስታ ለአንድ ወር አንዴም አልገዛሁም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። አንድ ሆስቴል ውስጥ ቁሌት እያቁላላሁ፣ ሽንኩርቱ ደረቅ አለ፣ በርበሬውን ጣል ሳደርግ ጭሱ ተነሳ። በሩ ዝግ ነበር። መጀመሪያ ከጎኔ ፓስታ የምትቀቅል ልጅ እህ እህ ብላ ሳለች። ከዚያ እኔ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ጮኸች። ሰማንያ የሚሆን ሰው በፒጃማና በፎጣ ጓሮ ወጣ። የሆስቴሉ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ አጠፋት፤ «የእሳት አደጋ መኪና ቢመጣ ሂሳቡ የሺህ ዶላር ነገር ነው፣ ለአንተም ለእኔም አይበጅም» አለኝ። ስለዚህ ቁሌቱን በውሃ፣ በትንሽ እሳት፣ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስማ አይታሰብም። ያቺው ፓስታ ቀቃይ በኋላ ከምስሩ በልታ «ይሄ ነው ያስለቀሰኝ?» ብላ ደገመች።

6. የት እንዳላችሁ የሚያውቅ ሰው ይኑር

ብቻን መጓዝ ችግሩ ብቸኝነት አይደለም። ሆስቴል ውስጥ ብቸኝነት ብትፈልጉም አታገኙትም። ችግሩ አንድ ነገር ብትሆኑ የሚያስተውል አለመኖሩ ነው። ክፍል ውስጥ ያሉት «ሄዶ ይሆናል» ይላሉ፤ ሆስቴሉ «ቀጣዩ ከተማ ገብቷል» ይላል።

ስለዚህ ከእህቴ ጋር ደንብ አወጣን። በየቀኑ አንድ መልእክት፣ ሦስት ነገር፦ የት አድራለሁ፣ ነገ በየትኛው አውቶቡስ ወይም ጀልባ እሄዳለሁ፣ ቀጥሎ መቼ እጽፋለሁ። ከቀጠሮው በኋላ ግማሽ ቀን ካለፈ ሆስቴሉ ይደወላል። ሦስተኛዋ ነገር ናት ዋናዋ። እኔ አንድ ጊዜ ረሳኋት። ሁለት ቀን በመርከብ ደሴት ዞሬ፣ ኔትወርክ ሳይኖር፣ ስመለስ ስልኬ 17 ያልተመለሰ ጥሪ አሳየኝ። እህቴ በማትችለው እንግሊዝኛ ከሆስቴሉ ተቀባይ ጋር ሁለቴ ተነጋግራለች። ልጅቷ ስታየኝ «ሲስተርህ አደገኛ ናት» አለች።

ስትቀጣጠሩ የማን ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። አዲስ አበባ ከኩዊንስላንድ ሰባት ሰዓት ትቀራለች፤ እዚያ ላይ የኛ የሰዓት አቆጣጠር ሲጨመርበት «ሁለት ሰዓት እደውላለሁ» የሚለው ቃል አራት ትርጉም አለው።

ሲም ካርድ ከከተማ ውጭ ሰፊ ሽፋን ያለው ቴልስትራ ነው፤ ቡስት የሚባለው ርካሽ ሲም በዚያው ኔትወርክ ይሠራል። የአደጋ ጊዜ ቁጥር 000 ነው። «ኢመርጀንሲ ፕላስ» የሚባለውን አፕ ጫኑ፤ ያላችሁበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ ያሳያችኋል፣ እሱን እያነበባችሁ ትናገራላችሁ። የጉዞ ኢንሹራንስም ግዙ። ለእንግዳ አምቡላንስ በነጻ አይመጣም።

በጭራሽ ሊፍት አትጠይቁ። ማታ የመጠጥ ብርጭቋችሁን ጥላችሁ አትሂዱ። ይኼ የትም የሚሠራ ነው፣ አላስረዝመውም።

7. ባሕሩን ተማሩ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ላንጋኖ ነው፣ ወይ ሶደሬ፣ ወይ ሆቴል ገንዳ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ላንጋኖ አይጎትትም። ይሄ ይጎትታል።

የምትዋኙት በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሀል ብቻ ነው። እነዚያን ባንዲራዎች በየጠዋቱ የሚተክሉት ጠባቂዎች ውሃውን አይተው ነው፤ ለዚህም ነው ከቀን ቀን ቦታቸው የሚቀያየረው። ባንዲራ የሌለበት ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ሪፕ የሚሉት ጅረት አለ። ማዕበሉ ወደ ባሕር ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት መስመር ነው። ሰው የሚሸወደው በመልኩ ነው። ሁለት በኩል ማዕበሉ ነጭ አረፋ እየሆነ ይሰበራል፣ መሀሉ ላይ ግን ጠቆር ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ለልጅ የሚመች የሚመስል ውሃ አለ። መውጫው እሱ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እንዲያ ነው። ከያዛችሁ ከእሱ ጋር አትታገሉ። ቁልቁል አይስብም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ተንሳፈፉ፣ አንድ እጅ ወደ ላይ አንሱ፣ ጠባቂው ያያችኋል። ጉልበት ካላችሁ ወደ ባሕር ዳሩ ሳይሆን ጎን ለጎን ዋኙና ነጩ አረፋ ያለበት ስትደርሱ ማዕበሉ መልሶ ያመጣችኋል።

ወደ ሰሜን ስትወጡ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው ጄሊፊሹ ነው፤ በግምት ከኖቬምበር እስከ ሜይ። ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባለው ሰው ይገድላል። ኢሩካንጂ የሚባለው የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፣ አይታይም፣ ሕመሙ ግን ሆስፒታል ያስገባል። በዚያ ወቅት ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ቀጭን ልብስ ይሰጣችኋል፤ ያስቃል፣ ልበሱት። በየባሕር ዳሩ ምሰሶ ላይ ጠርሙስ የተሰቀለው አቼቶ ነው። ሰው ከተነደፈ ሳያሹ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ አቼቶ ማፍሰስ፣ 000 መደወል።

ሁለተኛው አዞ ነው። ከግላድስተን አካባቢ ወደ ሰሜን የአዞ አገር ነው። አርባ ምንጭ የአዞ ገበያን ያየ ሰው አዞ የሐይቅና የወንዝ ይመስለዋል። የእነሱ አዞ ጨው ውሃ ውስጥም ይዋኛል። ቢጫ ምልክት ካያችሁ ወንዝ አፍ አጠገብ እግር እንኳ አታጥቡ።

ዋና የማትችሉ ተስፋ አትቁረጡ። ብሪዝበን ሳውዝ ባንክ፣ ኤርሊ ቢች፣ ኬርንስ ከተማው መሀል ሰው ሠራሽ የመዋኛ ሐይቅ አለ። ሦስቱም ነጻ ናቸው፣ ጠባቂ አላቸው፣ ጄሊፊሽም አዞም የለም። ኤርሊ ላይ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ ነበርኩ፣ ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጋር መንሳፈፍ ስለማመድ።

8. ፌርማታዎቹን ቁረጡ

የእኔ ክፍፍል ይህ ነበር፦ ሲድኒ አራት ቀን፣ ባይረን ቤይ አራት፣ ብሪዝበን ሁለት፣ ኑሳ ሁለት፣ ለካጋሪ ደሴት አራት፣ አግነስ ወተር ሁለት፣ ኤርሊ ቢች አራት፣ ማግኔቲክ ደሴት ሦስት፣ ኬርንስ አምስት። ሠላሳ ቀን።

ሲድኒ ላይ ከሰርኩላር ኪ ወደ ማንሊ የሚሄደውን የሕዝብ ጀልባ ተሳፈሩ። ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቱሪስት በብዙ ዶላር የሚያየውን ኦፔራ ሀውስና ድልድይ በትራንስፖርት ሂሳብ ታዩታላችሁ። ከቦንዳይ ኩጂ ስድስት ኪሎ ሜትር የገደል ዳር መንገድ አለ፣ ነጻ ነው።

ባይረን ቤይ የዋናው ምድር ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። በ1901 የተሠራው የመብራት ማማ ጋ ንጋት ላይ ውጡ። ጎልድ ኮስት ላይ ኩላንጋታ ካደርኩባት ሌሊት በቀር አልቆየሁም፤ ፎቅ ለማየት ዱባይ ይቀርባል።

ካጋሪ ቀድሞ ፍሬዘር አይላንድ የሚባለው ነው። በ2023 ባለቤቶቹ የቡቹላ ሕዝቦች የሚጠሩበት ስም ተመለሰለት። ሲጻፍ ፊቱ ላይ ያለው «ካ» አይነበብም፤ ሲጠራ «ጋሪ» ከሚለው ቃላችን ብዙም አይርቅም። ትርጉሙ ገነት ነው። በዓለም ትልቁ የአሸዋ ደሴት ነው። ባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና ነው፤ ትንንሽ አውሮፕላን ሳይቀር ያርፍበታል። ብቻችሁን አትችሉትም፤ ከሬንቦ ቢች ወይም ከሄርቪ ቤይ በቡድን የሚሄድ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጉዞ ግዙ። ማኬንዚ ሐይቅ ላይ ሰንስክሪን ተቀብታችሁ አትግቡ። ውቅያኖሱ ውስጥ ጨርሶ አትግቡ። ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ ምግብ አትወርውሩ፣ ከሰው አትለዩ። የጎዳና ውሻ ይመስላል፤ አይደለም።

ከአግነስ ወተር አጠገብ ያለችው መንደር ስሟ ቁጥር ነው፤ ሴቨንቲን ሴቨንቲ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በ1770 የወረደባት ናት።

ኤርሊ ቢች የዊትሰንደይ ደሴቶች በር ነው። 74 ደሴቶች አሉ። በጣም የታወቀው ዋይትሄቨን የሚባለው ሰባት ኪሎ ሜትር ባሕር ዳር ነው። አሸዋው ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሲሊካ ስለሆነ ቀትር ላይ እንኳ እግር አያቃጥልም፤ ሲረገጥ እንደ አዲስ ጫማ ይጮኻል። ሁለት ሌሊት በመርከብ የሚያሳድረውን ምረጡ። የድግስ መርከብና የእንቅልፍ መርከብ አለ፤ ስትገዙ የትኛው እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

ከታውንስቪል ማግኔቲክ ደሴት በጀልባ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ፎርትስ ዎክ የሚባለው መንገድ ላይ ኮዋላ በዱር ያለውን ታያላችሁ። የዛፍ ባላ ላይ እንደተረሳ ቡትቶ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ሰው አንገቱን አቅንቶ ሲቆም እናንተም ቁሙ።

9. ገንዘቡን ለሦስት ትላልቅ ነገሮች አስቀምጡ

አልጋ፣ ከገበያ የተገዛ ምግብና ትንሽ የከተማ ትራንስፖርት በቀን ከ80 እስከ 110 የአውስትራሊያ ዶላር ያስኬዳል። ኪስ የሚያራቁተው ሌላ ነው፤ ካጋሪ፣ የዊትሰንደይ መርከብና የኬርንስ ሪፍ፣ ማለትም ባሕሩ ውስጥ ያለው የኮራል ክምር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 500 ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው። ሪፉ ለአንድ ቀን ከ200 እስከ 300 ነው። ይህን ገንዘብ ከመነሳታችሁ በፊት ለዩት። ሲድኒ ላይ በቢራና በቁርስ ጨርሰው ኬርንስ ደርሰው ሪፉን ከባሕር ዳር የሚያዩ ልጆች አግኝቻለሁ። ከባሕር ዳር ደግሞ አይታይም፤ ራቅ ብሎ ነው።

10. ኬርንስ

ግሬት ባሪየር ሪፍ 2,300 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጀልባው ሲወጣ ለሠራተኞቹ «በደንብ አልዋኝም» በሉ። አትፈሩ፣ በየቀኑ ነው የሚሰሙት። የሕይወት ጃኬትና ተንሳፋፊ ይሰጧችኋል፤ ለማይገባም ከሥሩ በመስታወት የሚያሳይ ጀልባ አለ። የሚያቅለሸልሻችሁ ዝንጅብል ያዙ። ታንክ አዝላችሁ ከጠለቃችሁ ቢያንስ ለ18 ሰዓት አውሮፕላን አትሳፈሩ።

እኔ በጃኬት፣ በተንሳፋፊና በአንዲት ሠራተኛ እጅ ተይዤ ገባሁ። ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ ስከት የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው። ከሥሬ ሰማያዊና ቢጫ ዓሣ፣ የአንጎል ቅርጽ ያለው ኮራል፣ አንድ ኤሊ ሳር እንደሚግጥ በግ ቀስ እያለ። ሠራተኛዋ እጄን ስትለቀው አላስተዋልኩም።

መመለሻውን በአውሮፕላን አድርጉ፤ ኬርንስ ሲድኒ ሦስት ሰዓት ነው። የመጨረሻው ጠዋት የተረፈኝን በርበሬ ፍሪ ፉድ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ክዳኑ ላይ በእንግሊዝኛ «በሩን ከፍታችሁ፣ በትንሽ እሳት» ብዬ ጻፍኩበት። ለእህቴ «ዛሬ አልጋ የለኝም፣ አውሮፕላን ላይ ነኝ፣ በእኔ ሰዓት ማታ ሦስት ላይ እጽፋለሁ» አልኳት። «በማን ሰዓት?» ብላ መለሰች።